መብራት ሲጠፋ በርሜሉ ውስጥ የቀረው ፒቪሲ፦ ከቪኒል ክሎራይድ እስከ ቱቦ ጉዳቱ የት እንዳለ

የፒቪሲ ቱቦ ፋብሪካ የገባ አዲስ ሠራተኛ ሳምንት ሳይሞላው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ይሄ ነገር ካንሰር ያመጣል ይባላል፤ እውነት ነው እንዴ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ «አዎ» ወይም «ኧረ ተወው» ሆኖ ስለሚቀር ፍርሃቱ ቦታውን ይስታል። ነጩን የሬዚን (ቱቦው የሚሠራበት ጥሬ ፒቪሲ) ዱቄት በባዶ እጁ ለመንካት የሚሳቀቅ ልጅ፣ ከዳዩ (የቀለጠው ፒቪሲ የቱቦ ቅርጽ ይዞ ከሚወጣበት ብረት) አፍ ጭስ ወጥቶ ጉሮሮውን ሲከረክረው እዚያው ቆሞ ያስላል። ፒቪሲው በሙቀት እንዳይፈርስ የሚጨመረው የእርሳስ ስታቢላይዘር በመጥረጊያ ሲጠረግ አቧራውን እየማገ ምሳውን እዚያው ይበላል። ይህን የምንጽፈው ማሽኑ አጠገብ ለሚሠሩ፣ ለፈረቃ ኃላፊዎችና ቱቦውን ገዝተው ለሚገጥሙ ባለሙያዎች ነው። ፒቪሲ ቪኒል ክሎራይድ ከሚባል ጋዝ የሚሠራ፣ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ነው፤ ክሎሪኑን ከጋዙ ጀምረን እስከ ቱቦው እንከተለዋለን። ክሎሪኑ በየደረጃው ምን እንደሚያደርግ ያወቀ ሰው መቼ መሸሽ እንዳለበት አይጠፋውም።

ጋዙ

ቪኒል ክሎራይድ ሁለት ካርቦን፣ ሦስት ሃይድሮጅንና አንድ ክሎሪን ያለው፣ ቀለም የሌለው ጋዝ ነው። የሚፈላው ከዜሮ በታች 13.4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ስለሆነ በግፊት ካልታፈነ ወይም ካልቀዘቀዘ ፈሳሽ ሆኖ አይቆይም። ክብደቱ ከአየር እጥፍ በላይ ነው፤ ሲያፈተልክ መሬት ለመሬት ሄዶ ቦይና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። በአየር ውስጥ ከ3.6 እስከ 33 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ብልጭታ ካገኘ ይቀጣጠላል።

ሁለቱ ካርቦኖች የተያያዙት በድርብ ማሰሪያ ነው። ጋዙ ፕላስቲክ መሆን የሚችለውም፣ ጉበትን የሚጎዳውም በዚሁ ማሰሪያ ምክንያት ነው። ሰው ሲተነፍሰው በጉበት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ድርብ ማሰሪያው ላይ ኦክሲጅን ይሰኩበታል፤ ክሎሮኤትሊን ኦክሳይድ የሚባል ዕድሜው በጣም አጭር የሆነ ነገር ይፈጠራል። እሱም ወደ ክሎሮአሴታልዴሃይድ ይለወጣል፣ ወይም ዲኤንኤ ላይ ይለጠፋል። ግሉታታዮን የተባለው የሰውነት መከላከያ አብዛኛውን ይዞ በሽንት ያስወጣዋል። ያመለጠው ግን አንጂዮሳርኮማ የሚባለውን፣ ከጉበት የደም ሥሮች የሚነሳ ብርቅ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከመጀመሪያው ተጋላጭነት ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1974 ነው። በአሜሪካ ኬንታኪ፣ ሉዊቪል በሚገኘው የቢ.ኤፍ. ጉድሪች ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በዚህ ብርቅ ካንሰር መሞታቸውን የፋብሪካው ሐኪም ጆን ክሪች አስተውለው ኩባንያው ለመንግሥት አሳወቀ። አንድ ሐኪም በሥራ ዘመኑ አንዴ እንኳ ላያየው የሚችል በሽታ ከአንድ ግቢ ሦስት ጊዜ መውጣቱ ነው ያስደነገጠው። ከሁሉ በላይ የተጋለጡት ሬአክተር የሚያጸዱት ነበሩ። ምርቱ ሲወጣ በሬአክተሩ ግድግዳ ላይ የሚቀረውን ቅርፊት ሰው በጠባብ አፍ ገብቶ በመፋቂያና በመዶሻ ያወርደው ነበር፤ ቅርፊቱ ሲሰበር ውስጡ የታመቀው ጋዝ ፊቱ ላይ ይለቀቃል። ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል የጣታቸው ጫፍ አጥንት የሟሟባቸውም ነበሩ፤ ሕመሙ አክሮኦስቲዮሊሲስ ይባላል።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የተፈቀደው መጠን 500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 500 ክፍል) ነበር። በ1974 ወደ 50 ወረደ፣ ቀጥሎም 1 ፒፒኤም ላይ ተወሰነ። ይህ የ8 ሰዓት አማካይ ሲሆን፣ በየትኛውም 15 ደቂቃ ውስጥ አማካዩ ከ5 ፒፒኤም ማለፍ የለበትም። አሁን የአንድን ቁጥር ትርጉም ልብ በሉ፦ ሰው የቪኒል ክሎራይድን ለስላሳ ጣፋጭ ሽታ የሚለየው 3,000 ፒፒኤም አካባቢ ሲደርስ ነው። ሸተተኝ ያለ ሰው ከተፈቀደው 3,000 እጥፍ ውስጥ ቆሟል ማለት ነው። በዚህ ጋዝ ሥራ አፍንጫ መሣሪያ አይደለም። በግድግዳ ላይ የተተከለ ጋዝ መለኪያና በደረት ላይ የሚንጠለጠል ናሙና መውሰጃ ከሌለ ሥራው አይጀመርም።

ሬአክተሩ

ብዙው የዓለም ፒቪሲ የሚሠራው ውሃ ውስጥ ነው። ውሃና ፈሳሽ ቪኒል ክሎራይድ ተቀራራቢ በሆነ መጠን፣ ውሃው ትንሽ በልጦ፣ ወፍራም ማማሰያ ባለው ሬአክተር ውስጥ ይገባሉ። ፖሊቪኒል አልኮል የሚባል ነገር ጠብታዎቹ ተመልሰው እንዳይዋሃዱ ይጠብቃቸዋል፤ ትንሽ ፔሮክሳይድ ደግሞ የጋዙ ሞለኪውሎች ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት መሆን እንዲጀምሩ ያደርጋል፤ ይህ መያያዝ ፖሊመራይዜሽን ይባላል። አየሩ አስቀድሞ መውጣት አለበት፤ ኦክሲጅን ካለ ራሱ ያልተረጋጋ ፔሮክሳይድ ይፈጥራል።

የሰንሰለቱን ርዝመት የሚወስነው ሙቀቱ ነው። 57 ዲግሪ አካባቢ ቢያዝ ለቱቦ የሚሆነው፣ ነጋዴው ኤስጂ 5 እያለ የሚሸጠው፣ ኬ ቫልዩው (የሰንሰለቱን ርዝመት የሚያሳየው ቁጥር) 67 የሆነው ሬዚን ይወጣል። ወደ 70 ከፍ ቢል ሰንሰለቱ አጥሮ በቀላሉ የሚቀልጥ፣ ለመገጣጠሚያ ዕቃዎች የሚሆነው ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ 67 ተብሎ የታተመው ቁጥር ሬአክተሩ ስንት ዲግሪ ላይ ተይዞ እንደነበር የሚናገር ነው። ሁለት ዓይነት ሬዚን ቀላቅሎ በአንድ የሙቀት ልክ ለመሥራት የሚሞክር ሰው አንዱን ሳያቀልጥ ሌላውን የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ድርብ ማሰሪያው ሲፈታ ሙቀት ይወጣል፤ ከአንድ ኪሎ ቪኒል ክሎራይድ 1,500 ኪሎጁል ገደማ። ይህ አራት ኪሎ ተኩል ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 የሚያደርስ ሙቀት ነው። ሙቀቱን የሚያወጣው በጃኬቱ የሚዞረው ቀዝቃዛ ውሃና ማማሰያው ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ሲቆም ሙቀቱ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ሙቀቱን ይጨምራል፤ ግፊቱም ከተለመደው 8 ወይም 9 ባር ተነስቶ ያሻቅባል። ለዚህ ሲባል ሰንሰለቱን ወዲያው የሚያቆም ኬሚካል በናይትሮጅን ግፊት ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ መብራት ቢጠፋም መግባት እንዲችል ነው።

ከ80 እስከ 90 በመቶው ወደ ፕላስቲክ ሲለወጥ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሥራው ይቆማል፣ ያልተያዘው ጋዝ ተስቦ ይመለሳል። ከዚያ ጭቃ የመሰለው ውህድ በእንፋሎት ይታጠባል። ይህ ማጠቢያ ስትሪፒንግ ይባላል። የዛሬው ሬዚን ከ1974ቱ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ዛሬ በደህና ሬዚን ውስጥ የሚቀረው ጋዝ ከ1 ፒፒኤም በታች ነው። በአውሮፓ ምግብ የሚነካ ፒቪሲ በአንድ ኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ እንዳይዝ ሕግ አለ።

ስለ ፖሊመራይዜሽን ከተነሳ የኢስት ፓለስታይን ጉዳይ መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2023 በአሜሪካ ኦሃዮ የኖርፎክ ሳውዘርን ባቡር ከሐዲዱ ወጣ፤ አምስቱ ታንከሮች ቪኒል ክሎራይድ የያዙ ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ታንከሮቹ ውስጥ ፖሊመራይዜሽን ጀምሯል፣ ሊፈነዱ ነው በሚል ስጋት በፈንጂ ተበስተው ጋዙ ጉድጓድ ውስጥ ተቃጠለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2024 ምርመራውን ሲጨርስ ፖሊመራይዜሽን እንዳልነበረና ማቃጠሉ አስፈላጊ እንዳልነበር ደመደመ። የጋዙ አምራች ባለሙያዎች ይህንኑ አስቀድመው ተናግረው ነበር፤ ቃሉ ግን ውሳኔ ሰጪዎቹ ጋ በትክክል አልደረሰም። ፖሊመራይዜሽን የጀመረ ታንክ ሙቀቱ ከፍ ይላል፣ ከፍ ሲልም እየፈጠነ ነው። የተረጋጋ ወይም የሚወርድ ንባብ ተቃራኒውን ነው የሚናገረው። አንድ ነጠላ የሙቀት ቁጥር ምንም አይነግርም፤ በየ10 ወይም በየ30 ደቂቃው ተጽፎ መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ መታየት አለበት። ሲቃጠል ደግሞ ክሎሪኑ አይጠፋም፦ ከ1 ኪሎ ቪኒል ክሎራይድ 580 ግራም ያህል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይወጣል፣ በትንሹም ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ።

እኛ ጋ

ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው ጋዙ አይደለም። በከረጢት፣ አብዛኛውን ጊዜ በ25 ኪሎ፣ በጅቡቲ በኩል የሚገባው ያለቀለት ሬዚን ነው። ድርብ ማሰሪያው ከውጭ አገር ሬአክተር ውስጥ ተፈትቶ ቀርቷል። ስለዚህ ለአዲሱ ሠራተኛ መልሱ ይህ ነው፦ ካንሰር የሚያመጣው ጋዙ ነው፤ የምትነካው ዱቄት ጋዙ አይደለም፣ ስታሞቀውም ተመልሶ ወደ ጋዙ አይፈርስም። ከሚገባው በላይ ሲሞቅ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ክሎሪኑን ከሃይድሮጅን ጋር አጣምሮ ይተፋል። የሚወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ፣ ዓይንና ሳንባ ላይ ሲያርፍ፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል።

አፈራረሱን ማወቅ ይጠቅማል። በሰንሰለቱ ላይ ክሎሪኑ ላላ ብሎ የተያዘባቸው ጥቂት የተበላሹ ቦታዎች አሉ። መጀመሪያ ከእነሱ አንድ ክሎሪን ይወጣል፤ በቦታው ድርብ ማሰሪያ ይቀራል፤ ይህ ጎረቤቱን ያላላል፤ ጎረቤቱም ይወጣል። እንደ ዚፕ ተያይዞ ይከፈታል። ሰባት ያህል ድርብ ማሰሪያ ሲደረደር ዓይን ቢጫ ያያል፣ ሲረዝም ብርቱካን፣ ቡናማ፣ መጨረሻ ጥቁር። ከዚህ የባሰው፣ የወጣው አሲድ ራሱ ቀጣዩን መፍረስ ያፋጥናል። ስታቢላይዘር የሚጨመረው አሲዱን እየያዘ እንዲያጠፋ ነው፤ የሚይዘው ግን በልኩ ነው፣ ሲያልቅ ያልቃል። በእርሳስ ፈንታ የካልሲየም ዚንክ ስታቢላይዘር የሚጠቀሙ ይህን በተለይ ይወቁ፦ ዚንኩ አሲዱን ይዞ ዚንክ ክሎራይድ ሲሆን እሱ ራሱ አቃጣይ ነው። ነጭ የነበረው ቱቦ ቢጫ ሆኖ ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ይጠቁራል። እርሳስ ቀስ ብሎ ነው የሚያጠቁረው፤ ከእርሳስ ወደ ካልሲየም ዚንክ የተሸጋገረ ኦፕሬተር የለመደው የማስጠንቀቂያ ጊዜ የለውም።

መብራት ሲጠፋ

መንታ ስክሩ ባለው ኤክስትሩደር (ሬዚኑን እያቀለጠ በዳዩ ገፍቶ በሚያወጣው ማሽን) ላይ የቱቦ ሥራ ሲሄድ ስክሩ የሚዞርበት በርሜል የመጀመሪያ ዞን ከ180 እስከ 190፣ የመጨረሻው ከ165 እስከ 175፣ ዳዩ ከ175 እስከ 195 ዲግሪ ላይ ይሆናል። ስክሩ እየዞረ ሳለ ፒቪሲው በርሜሉ ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ስታቢላይዘሩ ይበቃዋል። መብራት ሲጠፋ ስክሩ ይቆማል፣ ሙቀቱ ግን አይቆምም፤ ያ ሁሉ ብረት ለሰዓታት ትኩስ ነው። ውስጡ የቀረው ፒቪሲ እንደ ስታቢላይዘሩ መጠን ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይታገሳል ብላችሁ ሥሩ። ከዚያ በላይ ቁማር ነው።

በመጀመሪያው ደቂቃ ሦስት ነገር ይደረጋል። ሰዓቱ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። የሆፐሩ (ዱቄቱ ወደ ማሽኑ የሚገባበት ገንዳ) በር ይዘጋል። የሁሉም ዞን የማሞቂያ ማብሪያ በእጅ ይጠፋል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ብዙ ጉዳትም የሚመጣው ከእሱ ነው፦ ሌሊት መብራት ሲመለስ ማሞቂያዎቹ ራሳቸው ይነሳሉ፣ ስክሩ ግን ሰው ካላስነሳው አይነሳም። ሰው ተኝቶ ማሽኑ የቆመውን ፒቪሲ ሲጠብስ ያድራል። ከዚህ ጋር ቱቦው ከዳዩ አጠገብ ተቆርጦ ከቫኪዩም ታንኩ ይወጣል፣ ካልሆነ ውስጥ ይጠነክርና የቱቦውን ልክ የሚያስይዘውን ካሊብሬተር ይዞ ይቀራል።

ጄኔሬተር ካለ ኃይሉን በቅደም ተከተል ስጡት። ቀዳሚው የስክሩ ሞተር፣ ከእሱም ጋር የዘይት ፓምፑና የማቀዝቀዣ ውሃው፤ ቀጥሎ የበርሜሉ ፋኖች። ማሞቂያ አይሰጠውም፤ ያለው ሙቀት ይበቃል፣ የጄኔሬተሩንም አቅም የሚበላው እሱ ነው። ስክሩን በደቂቃ ከ5 እስከ 8 ዙር አስነሱና ማጽጃ ውህድ ቀስ በቀስ አብሉት። ማጽጃው እዚያው ሚክሰር ላይ ይዘጋጃል፦ ለ100 ኪሎ ሬዚን ስታቢላይዘሩ ከተለመደው እጥፍ፣ ካልሲየም ካርቦኔቱ ከ20 እስከ 30 ኪሎ፣ ሰሙም ከፍ ያለ። ሁለት ሦስት ከረጢት ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ከማሽኑ ጎን ይቀመጥ፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ሚክሰር የለም። ከዳዩ የሚወጣው ቢጫው ጠፍቶ የማጽጃው ቀለም ብቻ ሲሆን በርሜሉን ባዶ አድርጋችሁ ማቆም ትችላላችሁ።

ጄኔሬተር ከሌለና 20 ደቂቃ ካለፈ ዳዩን ለመክፈት ወስኑ። ፒቪሲ ትኩስ ሳለ እንደ ወፍራም ሊጥ ይላጣል፤ ከቀዘቀዘ በመሮ ካልሆነ አይወርድም፣ መሮው ደግሞ ክሮሙን ይጭራል፣ የተጫረው ቦታ በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ የሚያቃጥል ቦታ ይሆናል። መፋቂያው ነሐስ ወይም መዳብ ይሁን፣ ብረት አይሁን። በመጀመሪያ የሚታየው ማንድረሉን (በዳዩ መሃል ሆኖ የቱቦውን ውስጥ የሚቀርጸውን ብረት) የያዙት እግሮች ጀርባ ነው፤ ፍሰቱ እዚያ ስለሚተኛ ጥቁሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። ይህ ቱቦው ላይም ይነበባል፦ ጥቁሩ ሰረዝ ሁልጊዜ በቱቦው ዙሪያ አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በሰዓት ሦስት አቅጣጫ ላይ ብቻ ከመጣ ከአንዱ እግር ነው። ነጠብጣቡ በየቦታው ከተበተነ ከስክሩ፣ ከበርሜሉ ወይም ከተፈጨው ቁርጥራጭ ነው። ቱቦው ከውጭ ደህና ሆኖ ውስጡ ብቻ ቢጫ ከሆነ የማንድረሉ ሙቀት በዝቷል።

መብራት ሲመለስ የሚደረገው በሁለት ነገር ይወሰናል፦ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ በርሜሉስ አሁን ስንት ዲግሪ ነው። 20 ደቂቃ ካልሞላና ዞኖቹ ከ160 በላይ ከሆኑ ሳትዘገዩ በዝቅተኛ ዙር አስነሱ፣ ማጽጃውን አብሉ፣ ዓይናችሁ ከሞተሩ አምፔር ላይ አይነሳ። ከ140 በታች ከወረደ ግን ውስጡ ያለው ጠንክሯልና ስክሩን መንካት አይፈቀድም፤ የማርሽ ሳጥኑን ግፊት ተሸካሚ ቤሪንግ ወይም ስክሩን ራሱን ይሰብራል። ሁሉንም ዞን ከ130 እስከ 140 ላይ አድርጋችሁ ዳዩ እስኪደርስ ጠብቁ። ዳዩ ወፍራም ስለሆነ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሁሉም ሲስተካከል በአንድ ላይ ወደ ሥራ ሙቀት አውጡት፣ እንደደረሰም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳያልፍ አስነሱ። ቀድሞ በርሜሉን ሙሉ ሙቀት ላይ አድርጎ ዳዩን መጠበቅ በርሜሉን ማቃጠል ነው። እስኪፈስ ድረስ ማንም ከዳዩ ፊት አይቁም፤ ከተዘጋው ጀርባ የተጠራቀመው ጋዝ ትኩሱን ፒቪሲ እንደ ጥይት ሊያስወጣው ይችላል።

መብራት ሳይጠፋም የሚያቃጥል አንድ ተራ ነገር አለ። ሙቀት የሚለካው ቴርሞኮፕል ከጉድጓዱ ትንሽ ከወጣ አየሩን ይለካል፤ መቆጣጠሪያው 165 ሲያሳይ ብረቱ 210 ሊሆን ይችላል፣ ማሞቂያውም አይጠፋም። አንድ ዞን ላይ የማሞቂያው መብራት ሳይጠፋ ከቆየና ቁጥሩ አልወጣ ካለ መጀመሪያ ቴርሞኮፕሉን በጣት ገፍታችሁ እዩ።

መገጣጠሚያ በኢንጀክሽን የምትሠሩ ደግሞ ፒቪሲና ፒኦኤም የተባለው ፕላስቲክ በአንድ በርሜል እንዳይገናኙ። ከፒቪሲው የሚወጣው አሲድ ፒኦኤሙን በቅጽበት ወደ ፎርማልዴሃይድ ጋዝ ያፈርሰዋል፤ ግፊቱ በርሜሉን ሊያፈነዳ ይችላል። በመካከል ሌላ ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ ፖሊኤትሊን፣ በደንብ ማሳለፍ ግዴታ ነው።

ጭሱና አቧራው

ቪኒል ክሎራይድ ይደበቃል፤ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ግን ይጮኻል። የአሜሪካ ሕግ ከ5 ፒፒኤም ለአፍታም እንዳያልፍ ይላል፤ 50 ፒፒኤም ለሕይወት አስጊ ነው። ጉሮሮ ሲከረከር መልእክቱ ደርሷል። ከሽታ በፊት ለማወቅ የሚፈልግ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት በውሃ አርጥቦ የቫኪዩም ማስወጫው አፍ ላይ ይያዝ፤ ከቀላ አሲድ አለ። የአሞኒያ ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ ሲቀርብ ነጭ ጭስ ከሠራም ያው ነው። ሌላው ምልክት ዝገት ነው፦ ማታ ያበሩ የነበሩት የዳይ ብሎኖች ጠዋት ብርቱካናማ ሆነው ከተገኙ ሌሊቱን አሲድ ሲወጣ አድሯል።

ከአፍንጫ ላይ የሚደረገው የጨርቅ ወይም የአቧራ ማስክ ጋዙን ፈጽሞ አያቆምም። የሚያስፈልገው ለአሲድ ጋዝ የተሠራ ካርትሪጅ ነው፤ በአሜሪካ አሠራር ነጭ ወይም ቢጫ ቀለም ያለው። ጭሱ ከበዛ ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ በሩን ከፍቶ መውጣት ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ይታጠብ። ብዙ የተነፈሰ ሰው «አሁን ተሽሎኛል» ቢልም ብቻውን አይደር፤ ሳንባ ውስጥ ውሃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

እርሳሱ ግን አይጮኽም። የእርሳስ ስታቢላይዘር ከረጢት ሲቆረጥና ሲመዘን የሚነሳው አቧራ በቱቦ ፋብሪካ ውስጥ ካለው ሁሉ ረጅም ጉዳት ያለው ነገር ነው ብለን እናምናለን። ቱቦው ውስጥ ከታሰረ በኋላ የሚለቀው በጣም ትንሽ ነው፤ ሚክሰሩ አጠገብ ያለው ልጅ ግን በየቀኑ ይተነፍሰዋል። መጥረጊያ አይነሳ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወይም ለዚህ በተሠራ መምጠጫ ይጸዳ። ፒ3 (ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ) ወይም ተመጣጣኝ ማስክ ይደረግ። የሥራ ልብስ ቤት አይሂድ፣ ልጅ የሚታቀፈው በእሱ ነውና። እጅ ሳይታጠብ አይበላ። ለሠራተኛ ወተት መታደሉ ለምግብነቱ መልካም ነው፣ ነገር ግን ወተት እርሳስን ከደም አያወጣም፣ ጋዝንም አይከላከልም፤ ወተቱ የማስክና የደም ምርመራ ምትክ ሆኖ መቅረቡ መቆም አለበት። የአውሮፓ ኅብረት በፒቪሲ ውስጥ ከ0.1 በመቶ በላይ እርሳስ እንዳይኖር ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ከልክሏል። ወደ ካልሲየም ዚንክ መሸጋገር የቻለ ይሸጋገር። ስትሸጋገሩ ግን ድኝ ያለበትን የቆርቆሮ ስታቢላይዘርና በእርሳስ የተሠራ አሮጌ ቁርጥራጭ አትቀላቅሉ፤ ሊድ ሰልፋይድ ይፈጠርና ቱቦው ይጠቁራል። ብዙ ሰው ማሽኑ ያቃጠለው መስሎት ሙቀት ሲቀንስ ይውላል።

ቱቦው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ

ቧንቧ ሠራተኞችና ኤሌክትሪሺያኖች ቱቦን እሳት ላይ እያዞሩ ያለሰልሱና አፉን ያሰፋሉ። ፒቪሲ የሚለሰልሰው 80 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በደንብ የሚታጠፈው ከ110 እስከ 130 ላይ ነው፤ የነበልባል ጫፍ ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለዚህ ነው ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ገና ጠንካራ የሚሆነው። ለቀጭን የኤሌክትሪክ ቱቦ የፈላ ውሃ ይበቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ትንሽ ቆይቶ ያለሰልሰዋል። ለወፍራሙ በምጣድ የተሞቀ ደረቅ አሸዋ ውስጡ መሙላት ወይም የሞቀ አየር የሚነፋ መሣሪያ መጠቀም ይሻላል፤ አሸዋው ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅም ይይዘዋል። ግፊት ለሚይዝ የውሃ መስመር ግን በእሳት የሰፋ አፍ አይታመንም፤ ግድግዳው ሳስቷል፣ መገጣጠሚያ ይገዛ።

መዳቡን ለማውጣት ሽቦ የሚያቃጥሉ አሉ። የሽቦው ሽፋን ፒቪሲ ነው። ሲቃጠል አሲዱ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ መዳቡ ራሱ ዳይኦክሲን የሚባሉት መርዞች እንዲፈጠሩ ያግዛል፣ በተለይ ጭሱ ከ400 ወደ 200 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ። ከሁሉም የፒቪሲ ቃጠሎዎች የከፋው ይህ ነው። ሽቦውን በቢላዋ መሰንጠቅ ወይም ቀላል መላጫ ማሽን መጠቀም ጊዜ ይወስዳል፣ ያልተቃጠለ መዳብ ግን ቆራሌውም ሆነ ገዢው በተሻለ ዋጋ ይወስደዋል።

ውሃን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የቪኒል ክሎራይድ ልክ በሊትር 0.3 ማይክሮግራም ነው። በአሜሪካ ከ1977 በፊት ከተሠሩ ቱቦዎች ጋዙ ወደ ውሃው ይገባ ነበር፣ በተለይ ውሃው በማይንቀሳቀስበት የመስመር ጫፍ። በዛሬው ሬዚን የተሠራ ቱቦ ይህ ችግር የለበትም። በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ቪኒል ክሎራይድ ሲገኝ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦ አይደለም፤ ለደረቅ እጥበትና ለብረት ማጽጃ የሚውሉ ፐርክሎሮኤትሊንና ትሪክሎሮኤትሊን መሬት ውስጥ ፈስሰው፣ አየር በሌለበት ባክቴሪያዎች ክሎሪናቸውን አንድ በአንድ ሲነቅሉ መንገድ ላይ የሚፈጠር ነው። የመጨረሻዋን ክሎሪን መንቀል የሚችሉት ዴሃሎኮኮይደስ የሚባሉት ከሌሉ እዚያው ቪኒል ክሎራይድ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነት መጋዘን አጠገብ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ናሙናውን ለእነዚህ ኬሚካሎች ያስመርምር።

አዲስ የገጠማችሁትን መስመር ማጣበቂያው በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ቆይታችሁ፣ ሽታው እስኪጠፋ ውሃ አፍስሱበት፤ የሚሸተው የማጣበቂያው ሟሟ ነው። ፀሐይ ላይ ወራት ሰንብቶ ጀርባው የነጣ ቱቦ ደግሞ ላዩ ደርቋልና ለግፊት መስመር አይሁን፤ ጫፉን ቆርጣችሁ በመዶሻ መታ አድርጉት፣ እንደ ሸክላ ከተሰነጠቀ ለሻጩ መልሱት።